ቅቤው ለፀጉርሽ ነበር

ልጄ ዙሌይካ፣ አላህ ባለሽበት በራሕመቱ ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። አራዳ ያለው ሱቃችን ዕቃ ስለሌለው አባትሽ ግማሽ ቀን ብቻ ይከፍተዋል።

የፈረንጅ አገሩ ክረምት ጨልሞብሽ፣ ያከራየችሽ ሴትዮ ቤቷ ባስገባችው፣ እንደ ፀሐይ ገላ የሚያጠቁር መብራት ባለው አልጋ ላይ የላክሁልሽን ቅቤ ተቀብተሽ ተኝተሽ ጀርባሽ መላጡን ከደብዳቤሽ አነበብሁ። ምነው ልጄ? ቅቤው ለፀጉርሽ ነበር። ሕፃን ቀብተን የምናሞቀው በማለዳ ፀሐይ ነው፤ እሱንም ዓይኑን ሸፍነን። አክስትሽ ሐዲጃ «ፈረንጆቹስ ለመጥቆር ነው፣ እሷ ምን ልትሆን ተኛችበት?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የእኛም ቆዳ ይቃጠላል። ዳግመኛ አትተኚበት፤ ቁስሉንም ለሐኪም አሳዪ።

አላህ ገላሽን ይጠግንልሽ። ወንድምሽ ሷሊሕ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ስለ እሱ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ስለ አንቺ ግን አንቺው አለሽልኝና፣ ሐኪሙ የሚልሽን ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

እናትሽ