ባለ ስምንት ሰው ዕቅድ

የካቲት 9

ጠዋት መዝገብ ቤቱን አናፈስኩ። ሦስት ማህደር ከቦታው ውጪ... ከእኔ በቀር የሚነካቸው የለም። እኔው ነኝ ማለት ነው። እርጅና!

የደን ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ገባ። “እትዬ፣ ዘንድሮስ ከዚህ ግርግር አያወጡንም?” በክረምት ስድሳ ችግኝ ተካይ ለስድስት ሳምንት፣ በበጋ ባዶ ግቢ። ሥራውን በዓመቱ ላይ እንዳከፋፍልለት ይፈልጋል። “አስብበታለሁ” አልኩት። ዋሸሁ። አስቤ ከጨረስኩ ዓመታት አልፈዋል።

የካቲት 10

ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? ግቢው ሰው የሚያየው በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ።

የካቲት 21

ዕቅዱን ጨረስኩ። ጉድጓዱ በበጋ ይቆፈራል። የእሳት መከላከያው መስመር ቀድሞ ይጸዳል። ችግኝ ማፍላት፣ አረም፣ የጸደቁትን ቆጠራ፤ ሁሉም በየወሩ። ስድሳው ቀርቶ ስምንት ሰው ዓመቱን ሙሉ። የቅጥር መመዘኛም ጻፍኩ፦ የቆጠራ ቅጹን ራሱ መሙላት የሚችል።

ከዚያ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ሳቂታዋ ተካያችን መጻፍ አትችልም።

የካቲት 22

አሥራ አንድ ክረምት የተካዮቹ አለቃ እሷ ነበረች። ምሳ ሰዓት ከመስኮቴ ሥር ቁጭ ብላ በቃሏ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። “ከላይኛው ተዳፋት ከመቶው ሰባ አራቱ ጸድቀዋል። አምስቱን ፍየል በላቸው፣ የቀሩትን እግዜር ይወቅ።”

“እግዜር የሚል ዓምድ የለኝም።”

“ታዲያ ያስምሩለታ፣ እትዬ!”

ቁጥሯ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። በድብቅ ሄጄ አረጋግጫለሁ።

መመዘኛውን ልሰርዘው? ለሥራው ብዬ... ወይስ ለራሴ?

የካቲት 23

አልሰረዝኩም። አስረከብኩ።

ግንቦት 28

ስምንቱ ተቀጠሩ። ሳቂታዋ አልገባችም። መስኮቴ ላይ መጣች።

“መመዘኛውን ማን ጻፈው፣ እትዬ?”

“እኔ።”

“አውቄዋለሁ። እርስዎ ያልጻፉት ነገር እንዲህ ቀጥ አይልም።”

ሳቀች። ሄደች።

ሐምሌ 6

ተከላ ተጀመረ። ጩኸት የለም፣ መጋፋት የለም። ኃላፊው፦ “እጅዎ ይባረክ!” ምሳዬን መስኮቱ አጠገብ በላሁ። ግማሹን መለስኩት።

ነሐሴ 14

የላይኛው ተዳፋት የቆጠራ ቅጽ ደረሰኝ። ጽሕፈቱ ያማረ። “መቶ ከመቶ ጸድቋል” ይላል። መቶ ከመቶ? በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ወጣሁ። ዳገቱ ትንፋሼን ቆረጠው። እስከ ማታ መቁጠር የቻልኩት ሁለት መደዳ ብቻ... ከመቶው አርባ አንዱ ደርቋል። ቅጹን የሞላው ልጅ ተዳፋቱን ረግጦት አያውቅም።

መጻፍ የሚችል ሰው ፈለግሁ። አገኘሁ።

ነሐሴ 15

ለኃላፊው ነገርኩት፦ “መመዘኛው ስህተት ነው። ስህተቱም የእኔ ነው።” እንዲሻርና ሳቂታዋ እንድትቀጠር በጽሑፍ ጠየቅሁ። ፈረመ። “ታዲያ ሴትዮዋ የት ትገኛለች?” አለኝ።

የሠራተኞቹን መዝገብ ገለጥኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ ቀን... አድራሻ የለም። መዝገቡን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት፣ የት ትኖሪያለሽ ብያት አላውቅም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ነሐሴ 16

ጥበቃውን ጠየቅሁት። በጣቱ አሳየኝ። ከግቢው በር እስከ ደጃፏ መቶ ሰማንያ እርምጃ ነው።

ልብስ ታሰጣ ነበር። “ምን ሆነው ነው፣ እትዬ?”

መንገድ ላይ ያሰናዳሁት ረጅም ንግግር ነበር። ጠፋኝ። “ቆጠራ አለብኝ” አልኳት። “ብቻዬን አልቻልኩም።”

አልሳቀችም። እርጥብ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ጫማዋን ፈለገች።