በአማካይ ደረቅ ስለሆነው ቤታችን

ለተከበሩ የክረምት ትንበያ ክፍል ኃላፊ፤
ሀዋሳ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን በትሕትና እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ከረማችሁ? የቤትዎ ጣሪያ አያፈስም? ወለልዎስ ደረቅ ነው? ለእናንተ የምመኘው ጤና ከመደበኛ በላይ ነው። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከፍርሃቴ በቀር።

ወርቅነሽ እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ስሆን፣ ከባለቤቴ ከአቶ በኃይሉ ጋር የምኖረው በቡሹሎ በኩል ሐይቁ ዳር ነው። ክፍልዎ ስለ ዘንድሮው ክረምት በሬዲዮ ያስነገረውን ትንበያ ሁለታችንም አዳምጠናል። ያለፉትን ዓመታት መርምራችሁ፣ ዘንድሮን የሚመስሉ ሦስት ዓመታት መርጣችሁ፣ ከእነሱ ተነሥታችሁ ዝናቡ «መደበኛ» እንደሚሆን አብሥራችሁናል። ስለ ድካማችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ይሁን እንጂ በቀና ልብ እንደሚመለከቱልኝ ተስፋ በማድረግ ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሦስቱ ዓመታት የትኞቹ እንደሆኑ ስላልተነገረ በባጃጅ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ (ስብሰባው በመልካም እንደተጠናቀቀ አምናለሁ) ኤልናታን የተባለ ትሑት ባለሙያ ወንበር ስቦ፣ ሻይ አስመጥቶ አስረዳኝ። የዘንድሮውን የውቅያኖስ ሙቀት ከድሮው ጋር እያስተያያችሁ ነው ዓመታቱን የመረጣችኋቸው። የመጀመሪያው በቆሎው ማሳ ላይ እንዳለ የደረቀበት፣ ሰው ከብቱን በርካሽ የሸጠበት ዓመት ነው። ሁለተኛው እንዴት እንደነበረ አላስታውስም፤ ደኅና ስለነበረ ይሆናል። ሦስተኛው ግን ሐይቁ እኛ ቤት የገባበት ዓመት ነው። ይህን ስሰማ ሻዩን መጨረስ አቃተኝ፤ ኤልናታንም ስኳር ያነሰው መስሎት ጨመረልኝ።

ሁለተኛ፤ የሦስቱን ዓመታት ዝናብ ደምራችሁ ለሦስት አካፍላችሁ «መደበኛ» ላይ ደርሳችኋል። በሒሳቡ ላይ ስሕተት አላገኘሁበትም፤ ተማሪዎቼ ብትሆኑ ሙሉ ማርክ እሰጣችሁ ነበር። ነገር ግን አንዱ ልጇ በረሃብ ሲያለቅስ፣ ሌላው ከልክ በላይ በልቶ ሲያስመልሰው የምታይ እናት፣ ልጆቼ በአማካይ ጠግበዋል ብላ አትተኛም። እኛን ያሰመጠን ዓመትና ያደረቀን ዓመት ተደምረው ደኅና ዓመት እንዴት እንደሚወልዱ ብጠይቅ፣ ኤልናታን አንገቱን ደፍቶ አሠራሩ ከድሮም እንዲህ መሆኑን ገለጸልኝ። በመልሱም እጅግ ተጽናናሁ።

ሦስተኛ፤ ያን ዓመት ምናልባት እርስዎ በዚህ ከተማ አልነበሩም ይሆናልና በአጭሩ ላስታውስዎ። ሐይቃችን ውኃ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የለውም። ውኃው በር አላንኳኳም፤ በወለሉ በኩል መጣ። ምንጣፉ ረጠበ ስንል ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ፣ ብዙም ሳይቆይ ጓዳችን ውስጥ አምባዛ ይዋኝ ጀመር። ጉማሬ አጥሩን ጥሶ ጎመናችንን በልቶ ሄደ። ዛሬ ለእንግዳ ስናወራው ያስቃል፤ ያን ዕለት ግን ማንም አልሳቀም። እኔ በሩ ላይ ደርቄ ስቀር፣ በኃይሉ በጀርባው አዝሎኝ እስከ አስፋልቱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እንጀራ በደገምኩ ቁጥር፣ ለሚቀጥለው ጎርፍ እያሰብሽ ብዪ እያለ ይቀልድብኛል።

አራተኛ፤ በኃይሉ ታሞ ከተነሣ ወዲህ ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም፤ ከአልጋ የሚወርደው በሰው እጅ ነው። ልጃችን ሶልያና መናኸሪያ አካባቢ ካለው ቤቷ አንድ ክፍል አጽድታ፣ አልጋ ዘርግታ ትጠብቀናለች። የሚሸከሙት ጎረቤቶችም መኪናም ተገኝተዋል። የጠፋው የእሱ ፈቃድ ብቻ ነው። ባለቤቴ ዕድሜውን በመንግሥት ሥራ የፈጀ፣ ማኅተም ያረፈበትን ነገር መጠራጠር እንደ ነውር የሚቆጥር ሰው ነው። ስለ ሦስተኛው ዓመት ብነግረው፣ ወርቄ፣ መደበኛ ነው ተብሏል እኮ፣ ከባለሙያ ልትበልጪ ነው እንዴ ብሎኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እውነቱን ለመናገር፣ በልጁ ቤት ሸክም መሆንን ይፈራል። የእናንተ «መደበኛ» ለዚህ ፍርሃቱ ጥሩ መሸሸጊያ ሆነለት፤ ስለ መስተንግዷችሁም አመሰግናለሁ።

የእኔ ፍርሃት ግን የሚሸሸግበት አላገኘም። ግንቦት ሳይወጣ ሐይቁ ቄጠማውን አልፎ የጓሮ አጥራችንን እግር ነክቷል። ዝናብ ቆርቆሮውን በመታ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ ወለሉን እዳስሳለሁ። ጎረቤቶቼ ስቀው ያልፉኛል፤ ይሳቁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን ተረት ለልጆች ሳስተምር ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ስለ እኔ እንደሚናገር ግን አላውቅም ነበር።

አምስተኛው ቅሬታ አይደለም፣ ልመና ነው። ትንበያችሁን አርሙ አልልም፤ ይቅርታ ጠይቁም አልልም። ከምትናገሩት ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨምሩልኝ፤ ከመረጥናቸው ሦስት ዓመታት በአንዱ ሐይቁ ሰው ቤት ገብቶ ነበር፣ ዳር ያላችሁ ከወዲሁ ውጡ በሉ። በኃይሉ እኔን ባያምን ሬዲዮን ያምናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሰኔ ሳይገባ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ወንበርዎ የጸና፣ ጫማዎ የደረቀ፣ የሰጡትን ትንበያ ከፎቅ ላይ ሆነው የሚመለከቱበት መስኮትዎም የጠራ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ በታች ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ዝቅታውን ለምደነዋል።

በአማካይ ያልሰመጠች የቡሹሎ ነዋሪ፣
ወርቅነሽ

ማስታወሻ፦ ያን ዓመት ውኃው የደረሰበት ምልክት ከመኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። የበኃይሉ ትራስ ከምልክቱ በታች ነው። ዘንድሮ ያንን ዓመት ይመስላል ብላችኋል፤ ዓመቱስ ይምሰል፣ እኛ ግን የዚያን ጊዜዎቹን አንመስልም። ትናንት አንሶላ የማስተካክል መስዬ በኃይሉን በሁለት እጄ ላነሣው ሞክሬ ነበር። ከፍራሹ አልተላቀቀም። እባክዎን ይህንንም ደምረው ያካፍሉልኝ።