በጥቁሩ ግድግዳ ላይ የተውከው ፕሮግራም

ግርማዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልሱን ከማን እሰማለሁ? መንፈቅህን ካወጣን ሳምንት ሆነን። ጎረቤቱ ቀምሶ መርቆ ሄደ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ የተዋስኩትን ሰሃን ለየቤቱ መልሼ ስጨርስ ቤቱ ጭር አለብኝ። ናፍቀኸኛል። ይህን አስቀድሜ ልበልህና ወደ ሌላው ወሬ ልሂድ፤ ካልሆነ በየመስመሩ እየገባ ያስቸግረኛል።

ቤቱ እንዳለ ነው። የበረንዳው ቆርቆሮ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ይንኳኳል። ቅዳሜ እመታዋለሁ ብለህ ነበር፤ ያ ቅዳሜ ግን አልመጣም። መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪናዬን ወስደው ኮምፒውተር ሰጥተውኛል። ጓደኞቼ ሲቸግራቸው እኔን ይጠሩኛል፤ ባሏ አስተምሯት ነው ይላሉ። እኔም ኮራ ብዬ እሄዳለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ግን ስለ ክፍሉ ነው። ከመስጊዱ ጀርባ ተከራይተህ አሮጌ ኮምፒውተሮች ስለሰበሰብክባት፣ ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለጀማሪ ስለምታስተምርባት ክፍል። ጅግጅጋ ውስጥ ኮምፒውተር ልማር የሚል ሰው ማመልከቻ ጽፎ ማተም ከቻለ ይበቃዋል። አንተ ግን ማሽኑን ማዘዝ ይማሩ ብለህ ድርቅ አልክ። ነገ የምታስተምረውን ሁሉ ዛሬ እራት ላይ በእኔ ትሞክረው ነበር። አልማዝ ከገባት ሁሉም ይገባዋል ትላለህ፣ እኔ ደግሞ መሰደቤ ነው መመስገኔ እያልኩ እበሽቃለሁ። ጀማሪዬ ብለህ መጥራት የጀመርከውም ያኔ ነው። አሁን እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ የለም።

ከእነዚያ እራቶች የቀረልኝ ይህ ነው፤ ፕሮግራም ከላይ ወደ ታች በሥርዓት ይሄዳል። ወይ በተራ ትሠራለህ፣ ወይ ከሁለት መንገድ አንዱን ትመርጣለህ፣ ወይ የፈለግኸው እስኪሟላ ትደጋግማለህ። ከዚህ ውጭ አጥር መዝለል የለም።

የአብዲን ሚኒባስ ታስታውሳለህ? ለድግግሞሽ ምሳሌ እንዲሆን ወደ ቀብሪበያ የሚሄድ ሚኒባስ በፕሮግራም እንዲሞሉ ተማሪዎችህን አዘዝካቸው። አብዲ፣ ያ የእንስሳት ገበያ ጸሐፊው፣ የተሳፋሪው ቁጥር ልክ አሥራ ሁለት እስኪሆን ጠይቅ ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ ስንት ሰው መጣ ይላል፣ አብዲ ያስገባል። አሥራ አንድ ከደረሰ በኋላ እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር መጣች ብሎ ሦስት አስገባ። አሥራ አራት ሆነ። አሥራ ሁለትን ዘሎ አለፈውና ማሽኑ ስንት ሰው መጣ፣ ስንት ሰው መጣ እያለ ቀረ። ያን ቀን መብራት ሄዶ ነው የገላገላቸው። አንተ ሳትቆጣ ሁሉንም ይዘህ መናኸሪያ ወረድክ። በእኛ አገር ሰው አንድ አንድ እየሆነ እንደማይሳፈር፣ ዘመዱን ሰብስቦ እንደሚገባ ቆመው እንዲያዩ አደረግህ። ከዚያ ከአሥራ ሁለት እስካነሰ ድረስ ጠይቅ በሉት አልካቸው። እኔ ዘንድ መጥተህ ስትነግረኝ እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ። ያ ሳቅህ ነው በጣም የሚናፍቀኝ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አታውቅም ነበር። ትእዛዞች ተሰብስበው የሚታቀፉባት ያቺ ጥምዝ ቅንፍ ስትከፈት፣ ውስጧ ምንም ሳይጻፍ መጀመሪያ መዘጋት አለባት። መጀመሪያ ዝጉ፣ ከዚያ ጻፉ። ከላይ ትከፍትና ወደ ታች ወርደህ ትዘጋለህ፣ ከዚያ ተመልሰህ መሃሉን ትሞላለህ። ቤትም እንደዚያው ነበርክ፤ የስኳር ከረጢት ስትቀድ ማሰሪያው ቀድሞ እጅህ ላይ ነው። ግድግዳውን እስከ ወለሉ ድረስ ጥቁር የቀባኸውም ረጅም ፕሮግራም እንዲይዝልህ ነው። ለድመት ልታስተምር ነው ወይ ብዬ ስቄብህ ነበር።

የመጨረሻውን ቀን ሆዳን ነግራኛለች። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ ፊት የምትቀመጠው። ለአንድ ሥራ ስም ሰጥቶ ለብቻው ስለመጻፍ ጀምረህ ነበር። ተሳፋሪ ለሚቆጥረው ሥራ ስም ጻፍክ፣ ቅንፉን ከፈትክ። እነሱ አቀርቅረው ሲገለብጡ ጎንበስ ብለህ ተነሳህ፤ ጠመኔ የወደቀብህ መስሏቸዋል። ስትነሳ ጎንህን ያዝክ። ነገ እንቀጥላለን ብለህ ወጣህ። ድሬዳዋ ሆስፒታል ገባህ፣ የተመለሰው አስከሬንህ ነው።

ሆዳንና አብዲ ልቅሶ መጥተው አላህ ሰሚርና ኢማን ይስጥሽ አሉኝ፤ ትዕግሥትና እምነት ማለታቸው ነው። ሆዳን ልትወጣ ስትል፣ እንደ አክስቷ ኤዶ ብላ ጠራችኝና፣ መዓሊን ቅንፉን ሳይዘጋ ሄደ ብላ አለቀሰች። ልጅቱ መዓሊን የምትለውን መምህሯን ነው ያለቀሰችው፤ እኔ ግን ቃሏ እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ቀረ። አንተ፣ ሳትዘጋ የማትጽፈው ሰው፣ ክፍት ትተህ ሄድክ። ሕመሙ ምን ያህል ቢበረታብህ ነው እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ገብቼ እንዳልዘጋው እጄ እምቢ አለኝ። ሌላውም አልደፈረም፤ ጽሕፈትህን ማን ያጥፋው? ክፍሉ ተቆለፈ።

መንፈቅህ እንዳለፈ የክፍሏ አከራይ ሐጂ እኔ ቤት ድረስ መጡ። በጨዋ ደንብ ነው የተናገሩት፤ የማትሠሩበት ከሆነ ለዕቃ ማከማቻ የሚፈልጋት ሰው አለ አሉኝ። ትምህርቱን የሚጨርስ ሰው ከተማው ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። አብዲ ነው በመጨረሻ፣ እራት ላይ ስትማሪ የኖርሽው ለምን ነበር ያለኝ። ፈራሁ። አንተ የቆምክበት መቆም ያስፈራል። ክፍሏ ውስጥ ማዳበሪያ ሲታጨቅባት ከማይ ግን ብፈራም ይሻለኛል ብዬ እሺ አልኩ።

ትናንት ከሥራ ስንወጣ ከፈትናት። በታመምክ ሰሞን ዝናብ በመስኮቱ እየገባ ስላስቸገረ ወንበሩንና ጠረጴዛውን ሁሉ ተማሪዎችህ ከጥቁሩ ግድግዳ ሥር ደርድረውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። አቧራውን እያራገፍን ወደ ቦታው መለስነው። አብዲ የመጨረሻውን ወንበር አንስቶ እንደያዘ ቀረ። መዓሊን ዘግቶታል አለ፣ ቀስ ብሎ።

ወለሉ ጥግ፣ ድመት ታየዋለች ያልኩህ ቦታ፣ የአንተ ቅንፍ አለች። መስመሯ ትንሽ እንኳ አልተናወጠም። ያን ቀን ጎንበስ ያልከው ጠመኔ ልታነሳ አልነበረም። ጎንህ እያመመህ እስከ ወለሉ ወርደህ ዘግተህ ነው የተነሳኸው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ተማሪዎችህ ፊት፣ አላፈርኩም። እሾሁ ወጣልኝ። መሃሉ ብቻ ባዶ ነበር፤ እሱን ለእኛ ትተኸዋል።

ሆዳን ጠመኔ አቀበለችኝ። እንደ አንተ አላስረዳሁም፣ ሁለቴ ተሳስቼ አብዲ አርሞኛል። ሲመሽ ግን መሃሉ ሞላ፣ ሚኒባሱም በሥርዓት ተነሳ። ለሐጂም ክፍሏን እንደማንለቅ ነግሬያቸዋለሁ።

ሰኞ አዲስ ትምህርት አለ፣ ግድግዳው መጥፋት አለበት። ጽሕፈትህን ለሌላ ሰው አልሰጥም፣ እኔው አጠፋዋለሁ። አደራ እንዳትቀየመኝ። ከዚያ በኋላ ከላይ አንድ ቅንፍ ስከፍት፣ ምንም ሳልጽፍ እስከ ወለሉ ወርጄ እዘጋለሁ። አዳዲሶቹ ተማሪዎች ጠመኔ የወደቀብኝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ጎንበስ ባልኩ ቁጥር አንተን እያሰብኩ ነው።

ጀማሪህ
አልማዝ