ማሙሽ ፍል ውሃው ዘንድ ስለ መቅረቱ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? አባዬ ሳሉ ተወው ወይስ አሁንም ሐኪም ቤት ሂድ ሲሉት «ነገ» ይላል? ቤቱ፣ ግቢው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ከረመ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው፤ የሆቴሉን አንሶላ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አጥፋለሁ፤ ሰው ይተኛበትና ተመልሶ ይመጣልኛል። ወንድሜ ማሙሽም ደህና ነው። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ተረጋግተሽ እንድታነቢው ነው።

ማሙሽ አሁን እኔ ጋ የለም። ከተራሮቹ መሃል፣ መኪና በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ፣ አንድ ፍል ውሃ አጠገብ ካለ የመንገደኛ ማረፊያ ቤት ይኖራል። በስልክ ያልነገርኩሽ ግማሹን ሳትሰሚ ማልቀስ ስለምትጀምሪ ነው፤ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ እኔም አልችልም። «ከዓይንሽ እንዳይጠፋ፣ አደራ» ብለሽኝ ነበር። አደራሽን በልቼ እንደሆነ ጨርሰሽ ካነበብሽ በኋላ አንቺው ፍረጂ።

ጓደኛው ሊፍት ሲጠግን ጉድጓዱ ውስጥ ወድቆ ከሞተ ወዲህ ማሙሽ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ከላይ ሆኖ መብራት ይዞለት የነበረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠባብ ቦታ አልገባ አለ። የሊፍት ጥገናውን ሥራ ተወ። እኔ ጋ ሲመጣ ያን ሁሉ ፎቅ በእግሩ ይወጣል፤ መታጠቢያ ቤት ሲገባ እንኳ በሩን አይዘጋም። እንቅልፍ የለውም። ስናገረው «እህ» ይላል፣ ዝም ስለውም «እህ» ይላል። ሐኪም ዘንድ ብወስደው «በእግርህ ብዙ ተጓዝ» አለችው። እሱም ነገሩን አክርሮ ያዘውና አንድ ቀን ካርታ ይዞ መጥቶ «ተራሮቹን አቋርጬ በወዲያኛው በኩል እወርዳለሁ» አለኝ። ብቻውን እንዳይሄድ ብዬ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። ከገበያ ዘንቢል ሌላ ተሸክሜ የማላውቅ ሴት፣ ድንኳንና ብርድ ልብስ የታጨቀበት ሻንጣ በጀርባዬ አዝዬ ተነሣሁ።

የመጀመሪያውን ዳገት እንደወጣን ማሙሽ ሻንጣዬን ከጀርባዬ አወረደ፣ ፈታው፣ ትልቁን መጥበሻዬን ከውስጡ አወጣ። አየኝ። ከዚያ የራሱ ሻንጣ ውስጥ ከተተው። «ምን ይሁን ብለሽ አመጣሽው?» ብሎ ቢቆጣኝ ደስ ባለኝ። ከዳገቱ ማዶ ያለው ሸለቆ ሰፊ ነበር፤ ቤት የለ፣ አጥር የለ፣ የሚጮህ ውሻ እንኳ የለም። ሲመሽ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተከልን። እሱ ግን ውስጥ አልገባም፤ ከደጅ ተጋድሞ ውሃውን ሲያይ አደረ። ሐይቁን ያየ ሁሉ እንዴት ያምራል ይላል። እኔ የማስታውሰው ጫማዬ መርጠቡን ነው።

በማግስቱ ከፍተኛውን መተላለፊያ ስናቋርጥ መጀመሪያ ጉም ዋጠን፣ ቀጥሎ በረዶ ወረደብን። መንገዱ የሚታወቀው ሰዎች በደረደሩት የድንጋይ ክምር ነው፤ ከአንዱ ክምር ሆነን ሌላውን እስክናይ እንቆም ነበር። እኔ ስጸልይ፣ እሱ ድንጋይ ሲቆጥር፣ እንደምንም ወደ ፍል ውሃው ሸለቆ ወረድን። እንፋሎቱ ከሩቅ ሲታይ መንደር የሚነድ ይመስላል። የማረፊያ ቤቱ ጠባቂ ጢሙ የሸበተ፣ ጆሮው ስለደከመ ሁልጊዜ እየጮኸ የሚናገር ሽማግሌ ነው። ገና ከደጃፉ ስንደርስ «በሥጋ ነው የመጣችሁት ወይስ በነፍስ?» ብሎ ጮኸብን። እንደ እኛ በእግር የሚጓዙ ሁለት አስተማሪዎች ከእኛ ቀድመው ገብተው ነበር። ዝናብ ጀምሮ ስላላባራ ሁላችንም እዚያው ሰነበትን።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ፍል ውሃው ወደ መታጠቢያው ቤት የሚገባው ከወለሉ ሥር በተሠራ የድንጋይ ቦይ ነው። አንድ ጠዋት ውሃው ቀነሰ። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ሊጠርገው በሆዱ እየተሳበ ከወለሉ ሥር ገባ። ትንሽ ቆይቶ የድንጋይ ድምፅ ሰማን፣ ቀጥሎም ጩኸቱን። የቦዩ ክዳን የነበረ ጠፍጣፋ ድንጋይ እግሩ ላይ ወድቆ የውሃውን መውጫ ዘግቶታል፤ ትኩሱ ውሃ ደግሞ መሄጃ አጥቶ እሱ ወዳለበት ይሞላ ጀመር። «ውሃው መጣብኝ!» ይላል። ከአስተማሪዎቹ አንደኛዋ ዲጂኖ ልታመጣ ሮጠች፣ ሌላዋ ስልክ ወደሚሠራበት ጉብታ ወጣች። ማሙሽ ሽማግሌው በገባበት ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ሁለት እጁ የመታጠቢያ ቤቱን በር መቃን ጨብጦ።

ግባ አላልኩትም፣ እማዬ። እንዲያ ብዬው እንደሆነ እንዳታስቢ። እኔው ልገባ ተንበረከክሁ። ያኔ ከኋላ ልብሴን ይዞ ጎተተኝና «አንቺ ትጣበቂያለሽ» አለኝ። ስንት ጊዜ «እህ» ሲለኝ ኖሮ የተናገረው ቁም ነገር ይኸው ነው፤ እውነቱንም ነው። ዲጂኖውን ተቀብሎ ገባ። እግሩ ከዓይኔ ሲጠፋ የእጅ ባትሪውን እኔ ያዝኩ። ከውስጥ «እትዬ፣ መብራቱን እንዳታንቀሳቅሺው» አለኝ። «እሺ» አልኩት። «ዝም አትበይ፣ አውሪኝ» አለ። «ምን ላውራህ?» ብለው «የፈለግሽውን» አለኝ። ሌላ ነገር አልመጣልኝ ሲል ስለ አንሶላ አወራሁለት። መጀመሪያ አራቱን ማዕዘን እንደማገናኝ፣ ጠርዙን እንዴት እንደምተኩስ፣ የትኛው እድፍ እንደሚለቅና የትኛው እንደማይለቅ። ክንዴ ዛለ፤ ግን መብራቱን አላንቀሳቀስኩትም። ድንጋዩ ሲንሸራተት ተሰማ፣ ውሃውም ጓ ብሎ ወረደ። ከዚያ ማሙሽ ሽማግሌውን በብብቱ ይዞ ወደ ኋላ እየተሳበ ወጣ። የሽማግሌው እግር ተሰብሯል፣ ከወገቡ በታች ቀልቷል፤ ነገር ግን ነፍሱ አለች፣ ድምፁም አልቀነሰም።

ማሙሽ ወደ ሜዳ ወጣ። ከነልብሱ ደጅ ካለው ፍል ውሃ ገብቶ ተቀመጠ፤ እኔም እግሬን ውሃው ውስጥ ነክሬ አጠገቡ ተቀመጥሁ። «ያን ቀን መብራቱን እኔ አላንቀሳቀስኩትም ነበር» አለኝ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ጓደኛው የወደቀው የእሱ እጅ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ ብሎ ራሱን ሲከስስ ኖሯል። ለእኔም፣ ለሐኪሟም አልተናገረውም። «አውቃለሁ» አልኩት። ፊቱን በውሃው ታጠበ። ከዚያ ገብቶ ተኛ፤ በሩን ግን ክፍት አድርጎ ነው። በማግስቱ ፀሐይ ከፍ እስክትል አልነቃም። ሁለት ጊዜ ይተነፍስ እንደሆነ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ነፍስ አድን ሠራተኞች መጥተው ሽማግሌውን በቃሬዛ ሲወስዱት፣ «ሌሎች መንገደኞች ይመጣሉ፣ ምድጃው እንዳይጠፋ፣ ቦዩም ይጠረግ!» እያለ ማሙሽ ላይ ይጮህ ነበር። ማሙሽ «እሺ» አለ። ለጊዜው መስሎኝ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ግን ሻንጣውን አልሸከፈም። መጥበሻዬን ደግሞ ምድጃው አጠገብ ሰቅሎት አየሁና ገባኝ። አልለመንኩትም። ከአስተማሪዎቹ ጋር ወረድኩ፤ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ማልቀስም አይመችም።

ሽማግሌው አሁን በምርኩዝ ይሄዳል፣ ሴት ልጁም እሷ ዘንድ አስቀርታዋለች። ማሙሽን «ቤቱን ያዘው» ብሎታል። ማሙሽ ባለፈው ልብሱን ሊወስድ መጥቶ እኔ ጋ አደረ። ድኗል ብዬ አልዋሽሽም፤ አሁንም በሊፍት አልወጣም፣ አሁንም በር አይዘጋም። ግን ይበላል፣ ይተኛል፣ ያወራል። ተራራ ላይ ምን ሚስት ይገኛል ትዪኝ ይሆናል። እንደሱ አትበዪ፤ አገር ምድሩ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው።

አባዬን በሁለት ጉንጩ ሳሚልኝ፤ ሐኪም ቤት እስኪሄድ ድረስም አትተዪው። አክስቴን ሻርፑ ደርሶኛል፣ ለብሼዋለሁ በያት። ታናሽ እህቴን፣ ባሏንና መንትዮቹን፣ ቀድሞ የተወለደው ጥርሱ በቅሎ እንደሆነ ጠይቀሽ፣ ሰላም በያቸው። ጎረቤታችን ባለሱቁንም እንዳትረሺ። ማሙሽ እሑድ ስልክ ወደሚሠራበት ጉብታ ወጥቶ ይደውልልሻል። እባክሽ እማዬ፣ መቼ ትመጣለህ አትበዪው። ውሃው እንዴት ነው በዪው። ያወራሻል።

የምትወድሽ የበኩር ልጅሽ

ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል
ኅዳር 3 ቀን