በአንድ አሚን ልዳር ነበር

ለዘህራዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ብል ወግ አልመስል አለኝ፤ እኔም አለሁ ካልኩ አለሁ ነው። ጉልበቴ ያው ነው፣ ዓይኔ ብሷል፣ ጥርሴም ከፊት አንድ ጨምሮ ተሰናብቶኛል። ጫት የተውኩት እንግዲህ በጥርስ እጦት ነው። ለሰዉ ግን ተውበት አድርጌ ነው ብያለሁ፤ እንዳታጋልጪኝ።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ግን ስለ ጤናዬ ላወራ አይደለም። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ራሴ ልንገርሽ ብዬ ነው። ላገባ ነበር። ያውም እህትሽን። ቆይ፣ ሳትቆጪ እስከ መጨረሻው ስሚኝ። በሕይወት ሳለሽ አንድም ቀን ወሬዬን አስጨርሰሽኝ አታውቂም፤ አሁን እንኳ ዕድል ስጪኝ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከቤቱ ልጀምር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከወጃሌ በርበራ ከባድ መኪና ስነዳ ኖሬ፣ ዓይኔ ደክሞ መሪውን ስለቅ፣ ከሐርጌሳ ወጥተን ከአያሃ ሰፈር ባሻገር ገጠር እንግባ ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ፣ በልጅነቴ እንኳ ከብት ጠብቄ የማላውቀውን ሰው፣ በስተርጅና ፍየል አርቢ አደረግሽኝ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጥለሽኝ ሄድሽ። ይህን እስካሁን ይቅር አላልኩሽም።

ፍየሎቹ ደህና ናቸው። ጠዋት ጠዋት መኪና ላስነሳ እንደምሄድ ሰው አንድ ዙር እዞራቸውና ሰኮናቸውን በጫማዬ ጫፍ ነካ ነካ አደርጋለሁ። ልማድ ነው፣ ምን ላድርግ። ከእሾህ አጥሩ ወዲያ ያለችው አሮጊቷ ጎረቤታችን መርየም ባየችኝ ቁጥር፣ ነፋስ ጎደላቸው ወይ እያለች ትስቅብኛለች። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ስለነበር በርከዱ፣ ያ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዳችን፣ ሞልቷል፤ ውሃ ከቦቴ አንገዛም። አንቺ የተከልሽው ሎሚ ግን ደርቋል። ውሃ አብዝቼበት ነው አሉኝ፤ ስለ ሎሚ ማን አስተማረኝና ነው።

ልጃችን ሂንድ በየቀኑ ትደውላለች። ያንቺው ልጅ አይደለች፣ ከሰላምታ በፊት የደም ግፊት ኪኒኔን ነው የምትጠይቀኝ። አንድ ሰሞን እኔ ዘንድ ትኖራለህ ብላ ሐርጌሳ ሠላሳ አንድ ሜይ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ወሰደችኝ። አንድ ሳምንት ሞላሁ። ሥራ ስፈታ ጊዜ ከበሩ ወጥቼ የሰፈሩን መኪና ሁሉ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ና፣ ና፣ ና፣ በቃ፣ እያልኩ ማስቆም ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰዉ ወዶኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን አንዱን ና ና ብዬ ከመብራት ምሰሶ ጋር አገናኘሁት። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም ብዬሻለሁ። በማግስቱ ሂንድ ራሷ ወደ ፍየሎቼ መለሰችኝ፤ እኔም ምሰሶውን በልቤ አመሰገንኩ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ዓመትሽን ካወጣን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሦስቱ የቤተሰባችሁ ሽማግሌዎች መጡ። ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ ሻይ አፈላሁ፣ ከመርየም የግመል ወተት ተበድሬ አቀረብኩ። ስላንቺ አወሩ፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ስለ እኔ ብቸኝነት አወሩ። ከዚያ ደግሞ ስለ እህትሽ ስለ ሶፊያ፣ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ልጇ ቤት ተጠግታ ስለመኖሯ። ሞኝ አይደለሁም፤ በዚህ አገር ሚስት ስትሞት እህቷን ለባልየው መስጠት የቆየ ወግ መሆኑን ሠላሳ ዓመት ኖሬበት ላጣው አልችልም። ግን ነገሩን ዙሪያውን ዞሩት እንጂ ማንም ትፈልጋለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም ጥያቄው እስኪመጣ በጨዋ ደንብ አንገቴን ደፍቼ እጠብቃለሁ።

ጥያቄው ሳይመጣ ዱዓው መጣ። ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ። እኛን የወሎን ሰዎች ደግሞ ታውቂናለሽ፤ ዱዓ ሲደረግ እጁን ኪሱ ከቶ የሚቀመጥ ከእኛ ዘንድ የለም። ለጎረቤት በሬ ሲደረግም አሚን ነው፣ ለማናውቀው ሙሽራ ሲደረግም አሚን ነው። አላህ ይህን ቤት ይባርከው አሉ፤ አሚን አልኩ። ቀዝቅዞ አይቅር አሉ፤ አሚን። የሞተችውን ይማር፣ ያሉትን ያገናኝ አሉ፤ ከሁሉም የበለጠ ጮክ ብዬ አሚን አልኩ። በእኛ አገር ዱዓ ምኞት ነው፣ ፊርማ አይደለም። እዚህ ለካ አፍን ሞልቶ አሚን ያለ ሰው ተስማምቷል። እጄን ከፊቴ ሳላወርድ ሦስቱም ተነስተው ጨበጡኝና፣ ኒካሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ አርብ ይታሰራል ብለው ሄዱ።

ዘህራዬ፣ ያን ቀን የተቀመጥኩበት ደርቄ ቀረሁ። እምቢ ልበል? ያ ሐበሻ ልጃችንን አግብቶ ሠላሳ ዓመት ኖሮ እህቷን ናቀ ይባላል። አንቺንም መቃብር ውስጥ ማሳፈር ነው። እሺ ልበል? አንቺን ነገ ምን ብዬ ነው የማገኝሽ። ሂንድን ደውዬ አማከርኳት፤ እሷ እቴ፣ ኪኒንህን የሚያስታውስህ ሰው ተገኘ ብላ ደስ አላት።

በአራተኛው ቀን ሶፊያ ከውሃ ቦቴ ጋቢና ውስጥ ሳጥኗን ታቅፋ ወረደች። ኒካሁ እስኪታሰር መርየም ቤት ታድራለች፣ ቀን ቀን እየመጣች ቤቱን ታያለች ተባለ። ድሬዳዋ አብራችሁ ስታድጉ አማርኛውን እኩል ተምራችሁ፣ ለሷ ግን አቦው ተርፎላታል። አቦ ሰይድ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ ጋራዥ፣ ብላ ጀመረች። እውነቷን ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ጎማ ነበር።

እኔም አንድ ዘዴ አሰብኩ። እኔ እምቢ ካልኩ ነውር ነው፤ እሷ እምቢ ካለች ግን ነውሩ የኔ አይሆንም። ስለዚህ ልትጠላኝ ይገባል። ጢሜን መከርከም ተውኩ። ያን አንቺ ልታቃጥይው የነበረውን ግሪስ የጠጣ ጃኬቴን አውጥቼ በዚያ ሙቀት ለበስኩ። ከምሳ በኋላ መርየም አጥር ሥር ተኝቼ አንኮራፋሁ፤ እንቅልፍ ባይወስደኝም እንኳ። በርበራ መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳብኝን ታሪክ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው እያስረዘምኩ አወራኋት። በሦስተኛው ቀን፣ የፈነዳው የግራው የፊት ጎማ ነው፣ አንተ የኋላ ነው እያልክ ታበላሸዋለህ ብላ አረመችኝ። ለካ አንቺ ነግረሻት ኖሯል። ታሪኬን ከኔ ይልቅ ታውቀዋለች።

እሷም የዋዛ አልነበረችም። ሩዙን ጨው በጨው አድርጋ ታቀርባለች፣ ፍየሎቹ ሳይቀሩ የተረፈኝን ቀምሰው በርከዱን ይከቡታል። ጎማዬን ከሳሎን አውጥታ ዶሮ አሳፈረችበት። ሟች ባሏ ረጅም እንደነበር በየማለዳው ትነግረኛለች፤ እኔ አጭር መሆኔን እስከዚያ ድረስ እንዲህ አስቤበት አላውቅም ነበር። ወላሂ፣ አንቺ በሠላሳ ዓመት ካስቸገርሽኝ እሷ በሁለት ሳምንት ያስቸገረችኝ በለጠ። ክፋቷ ሆን ተብሎ መሆኑን ግን አልጠረጠርኩም። የሰው ክፋት ስመረምር የራሴን ረሳሁ።

ኒካሁ ሦስት ቀን ሲቀረው ከበርከዱ በጄሪካን ውሃ ስስብ ወገቤ ቋ አለና መሬት ላይ ተዘረጋሁ። መነሳት የለም፣ መገልበጥ የለም፣ ሰማይ ማየት ብቻ። ሶፊያ ሮጣ መጣች። ታነሳኛለች ስል ከራሴ በላይ ቆመች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ግራ ቀኝ አየችና፣ አሁን የትም አታመልጥም፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ትፈልገኛለህ ወይስ አትፈልገኝም አለችኝ። ሰው በጀርባው ተዘርግቶ ይሉኝታ አይዘውም። አልፈልግሽም እህቴ፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

አልሐምዱሊላህ ብላ አጠገቤ አፈር ላይ ዘፍ አለች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች። ያን ሁሉ ጨው በከንቱ ጨረስኩት አለች። እሷም ሽማግሌዎቹ ሲጠይቋት እምቢ ብትል፣ ሐበሻ ስለሆነ ናቀችው፣ ለእህቷም ልጅ አላዘነችላትም እንዳይሏት ፈርታ ነው እሺ ያለችው። እኔ እንድጠላት ስትለፋ፣ እኔም እንድትጠላኝ ስለፋ፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ተጠምደን ሁለት ሳምንት በላን። እየሳቅን ቆየን፤ እኔን ማንሳት ግን ሁለታችንም ዘነጋን። ከአጥሩ ወዲያ መርየም ናት፣ ሰውየው ሞተ ወይስ ምንድን ነው የምትስቁት ብላ ያስታወሰችን።

ቤት ገብቼ በሙቅ ውሃ ሲያሹኝ ሶፊያን፣ አሁን ወዴት ትመለሻለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ሐርጌሳ ሃያ ስድስት ጁን ሰፈር ልጇ ቤት ስትመለስ የምትተኛው ሳሎን ወለል ላይ ነው፤ የልጅ ልጆቿ ቴሌቪዥን እስኪያጠፉ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። እዚህ ከመጣች ወዲህ ነው ፍየል ያየችውና ነፋስ የጠጣችው። ባል አልፈልግም፣ ይሄን ሜዳ ግን ፈልጌው ነበር አለችኝ። ይህን ስትል ጨዉን ሁሉ ይቅር አልኳት።

አርብ ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔ በምርኩዝ፣ ሶፊያ በመርየም ታጅባ፣ አብረን ቀረብንና እኩል ተናገርን፤ ማን ቀድሞ እንደተናገረ እንዳይታወቅ ተስማምተን ነበር። አልተናናቅንም፣ ወንድምና እህት ሆነን መኖር ነው የመረጥነው አልን። መርየም ከግቢዋ ጥግ ቦታ ለሶፊያ ትሰጣለች፣ እኔ ከኔ የተረፈውን ቆርቆሮ አመጣለሁ፣ አንዲት ክፍል ትሠራለች። ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩና፣ ታዲያ ያን ቀን ለምን እንዲያ ጮኸህ አሚን አልክ አሉኝ። አባቴ፣ እኛ አገር እንዲሁ ነው አልኳቸው። ወጣቶቹን ማጋባት ከእናንተ ይቀላል ብለው አጉረመረሙና ዳግም እጃቸውን ዘረጉ። እኔም እጄን ከመዘርጋቴ በፊት ምን ምን እንዳለበት ጠየቅኋቸው። ሳቁ፣ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው።

ክፍሉ ቆሟል። ወገቤ ድኗል ብዬ ልዋሽሽ አልችልም፤ ይሻለዋል። ሂንድ ትንሽ አኩርፋ ነበር፣ ግን አክስቷ ከአጥሩ ማዶ ኪኒን ዋጥክ ወይ ብላ ስትጮህብኝ በስልክ ሰምታ ታረቀች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይህን ለሂንድም ለሶፊያም አልነገርኩም፣ ላንቺ ብቻ ነው። እምቢ ያልኩት ስለወግ ብቻ አይደለም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ፊትሽ አልጠፋብኝም፤ ድምፅሽ ግን እየራቀኝ ነበር። ስትቆጪኝ የምትይውን ቃሉን አስታውሳለሁ፣ ድምፁን አጣዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩትም፣ በጣም ነበር የፈራሁት። ሶፊያ በመጣች በሁለተኛው ቀን አመሻሹ ላይ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ፍየሎቹን ተጣራች። ከሄድሽ ጀምሮ እኔ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠርቻቸው ጆሮ ሰጥተውኝ የማያውቁት፣ አንድም ሳይቀሩ ቀና ብለው ሮጡ። ድምፁ ያንቺ ነው። ፊቷ አይመስልሽም፣ ጠባይዋ አይመስልሽም፣ ድምፅዋ ግን ያንቺው ነው። ባገባት ኖሮ ማንን እንዳገባሁ ራሴም አላውቅም ነበር፤ እሷንም እበድላት ነበር፣ አንቺንም። ከአጥሩ ወዲያ ስትሆን ግን ማንንም አልበድልም።

እንግዲህ አልረሳሽም ብዬ ቃል ልገባልሽ አስቤ ነበር። መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቤቱን ሙሉ የምፈልግ ሰው ቃሉ ምን ያህል ይታመናል። ግን የኔ ጭንቅላት ቢረሳ እንኳ እዚህ ግቢ ውስጥ አንቺን የሚያስታውስ አይጠፋም። ትናንት አመሻሽ ሶፊያ ፍየሎቹን ስትጣራ፣ ፍየሎቹም ተነሱ፣ እኔም ተነሳሁ።

ያንቺው ሰይድ