አሸዋ የሌለው ጎመን

ሐሙስ፣ ጁላይ 3
ጠዋት ካልሲዬን ሳላጠልቅ ስልክ ጮኸ... አክስቴ ቨርዴል ከቤተክርስቲያን ደረጃ ወድቀው ቀኝ እጃቸው ተሰብሯል። ሮጥኩ። ቁልፍ ረሳሁ፣ ተመለስኩ። መነጽር ረሳሁ፣ ተመለስኩ። ስደርስ እጃቸው በጀሶ ታስሯል። እሳቸው ግን የሚያወሩት ስለ ሌላ ነው።
«የቅዳሜውን ጎመን አንተ ትሠራለህ።»
«እኔ?»
«እዚህ ሌላ ላሞንት ይታይሃል?»
ቅዳሜ ዘመድ ሁሉ በዓመት አንዴ የሚሰበሰብበት ቀን ነው። ሰማንያ ሰው! እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመጠጥ በረዶና የወረቀት ሳህን ብቻ ነው የማመጣው። አንዴ ጎመን ሠርቼ፣ በደንብ ሳይታጠብ... አሸዋው ጥርስ ላይ ተንቀጫቀጨ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «አሸዋው» ሆነ። የገዛ ልጄ ጆኔል እንኳ እንዲያ ትለኛለች።
«ለምን እኔን?» አልኳቸው።
«ያፈረ ሰው አጥብቆ ያጥባል።»

ዓርብ፣ ጁላይ 4
1. ጎመን፣ ሠላሳ እስር
2. በጭስ የበሰለ የቱርክ ዶሮ እግር፣ ስምንት
3. ሽንኩርት፣ ኮምጣጤ፣ የደረቀ ቃሪያ
4. የአክስቴ ትልቁ ድስት (አመጣሁ)
5. አለመደናገጥ
አምስተኛው አልሆነም። አክስቴ ስልክ ላይ ናቸው።
«ስንተኛ ውሃ ነው?»
«አራተኛ።»
«እጅህን ታች ስደድ። ምን አለ?»
«...ትንሽ አሸዋ።»
«ድገመው።»
ጆኔል፦ «አባዬ፣ ይሄ ጎመን እኮ ተጠመቀ!»
ሰባተኛው ውሃ ላይ ታች ምንም የለም። ስምንተኛ ጨመርኩ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5
«ጎመኑን ማን ሠራው?» አለች አንዷ። «ላሞንት» ሲባል ሹካው ሁሉ ቆመ።
አጎቴ ሮስኮ ቀረቡ። «አሸዋው» ብለው ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ጎረሱ። አኘኩ። አሁንም አኘኩ። ሰው ሁሉ አፍ አፋቸውን ያያል።
«የበቆሎ ዳቦ አምጡልኝ» አሉ። «ይሄን መረቅ ለማንም አልተውም።»
ጆኔል ጮኸች! በአንድ ሰዓት ውስጥ ድስቱ ባዶ።
«አሸዋውን የት አደረስከው?» አሉኝ ሮስኮ።
«ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ቀረ፣ አጎቴ!»
አክስቴ ደብተራቸውን አውጥተው የከርሞውን ድልድል በግራ እጃቸው፣ ፊደሉን እያጣመሙ ጻፉ። ጎመን፦ ላሞንት። በረዶና ሳህን፦ ሮስኮ።

ሰኞ፣ ጁላይ 7
ጆኔል ዛሬ «ጎመኑ» ብላ ጠራችኝ። አቤት አልኩ።
የአክስቴ ድስት ታጥቦ ምድጃው ላይ ተቀምጧል። እኛ ዘንድ የሰው ድስት ባዶውን አይመለስም። ምን ልሙላበት? ሦስት ነገር ጻፍኩ፣ ሦስቱንም ሰረዝኩ።
ድስቱን ገና አልመለስኩም።