የውሻችን እርጥብ አንገት

እህቴ፣

ጠዋት የውሻው አንገት ፀጉር እርጥብ ነበር። ውሃ ሲጠጣ የረጠበ መስሎኝ በፎጣ ጠረግኩለትና ወደ ሥራ ሄድኩ።

አሁን ስመለስ ማድ ቤት ወለል ላይ ተዘርሮ አገኘሁት። የእንስሳት ክሊኒክ ደወልኩ። ነርሷ፣ “እናቴ፣ የስኳር በሽታው መርፌ በደንብ እየገባ ነው?” አለችኝ። “የምትወጋው እህቴ ናት፣ እሷ በዚህ አትቀልድም” ብዬ ተከራከርኩልሽ። ስልኩን ዘግቼ በዚያው የጠዋት ፎጣ ልጠቀልለው ስል ፎጣው መድኃኒት መድኃኒት ሸተተኝ።

መድኃኒቱን ፀጉሩ ላይ ነው የምታፈሺው። ከዚያ “ወጋሁት፣ ምንም አላለም” ትይኛለሽ። ደግሜ ስጠይቅሽ፣ “አንቺ ደግሞ ካልሰጋሽ እንቅልፍ አይወስድሽም” ብለሽ ትስቂብኛለሽ።

መርፌ ብትፈሪ አልፈርድብሽም። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እፈራ ነበር። አልችልም ብትይኝ ኖሮ እኔው እወጋው ነበር። ያቃጠለኝ ሳቅሽ ነው።

ወደ ክሊኒኩ ይዤው እየሄድኩ ነው።
ወለሉ ላይ አስመልሶታል፣ ልጄ ከመምጣቷ በፊት እጠቢው።
እራቷን አብያት። ይድናል ብለሽ ተስፋ አትስጫት። ሞተም እንዳትያት።
መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ አትንኪው።

የሚሆነው ይታየኛል፣ ግን አልጽፈውም።

ልጅቷ ስትተኛ በሩን ቆልፊው። ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ። ሳንኳኳ አንቺው ተነስተሽ ትከፍቺልኛለሽ። ብቻዬን ከሆንኩ ምንም አትበይኝ፤ መልሰሽ ቆልፊው።